አትርጋ

የአዳማ ነፋስ ሌሊት ሲመጣ በር አያንኳኳም፣
ገብቶ ነው የሚጠይቅ፤
ቆርቆሮ እያርገፈገፈ አቧራ በመስኮት ሲያፈልቅ
መብራቱን ይዞብን ሄደ።
ጄኔሬተሩ አስሎ አስሎ እስኪነሳ
በስልኩ ብርሃን ሥር ፈለገ ኬኔሳ፣
የሂርጳን ክንድ ዳብሶ ዳብሶ
እንደ ፈትል የቀጠነች አገኘ፣ ወጋ፣ ደሙ መጣ ፈሶ፣
ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን ብልቃጥ ሞላው እስከ መስመሩ።
ከዚያ ጨለማ ነው፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ነርሷ ትጣራለች ከበሩ፤
መደርደሪያው ላይ አቆመው፣
ሳያገላብጠው። ቀረ ነገሩ።

ስምንት ጊዜ ነበር የጎደለው፣ ስምንት ብቻ፤
አፉን ወደ ታች፣ አፉን ወደ ላይ፣ ያለ ጥድፊያ፣ ያለ ዘመቻ።

ማሽኑ ሳይስበው በፊት በስንጥር ነካሁት፤
ስንጥሩ ባዶውን አልተመለሰም፣
የጉበት ቁራጭ የመሰለ ጓል አንጠልጥሎ አየሁት።
"ረግቷል" ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። አራት ፊደል።

የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል፣ እሺ፤
የረጋ ደምስ ምን ይወጣዋል?
ነጩን ልቁጠር ብል፣ ቀዩን ልቁጠር ብል፣
ፕሌትሌቱ በሙሉ ጓሉ ውስጥ ተቃቅፎ ቀርቷል፣
ማሽኑ ቢያነበው እንኳ በልጁ ላይ ይዋሻል።

ደሙን ግን አልፈርድበትም።
ከቤቱ የወጣ ደም ሌላ ምን ያውቃል?
የነካው ሁሉ ቁስል ይመስለዋል።
ካልሲየሙ ደቦ ይጠራል፦
ክር አምጡ፣ ጭቃ አምጡ፣ ግድግዳችን ፈርሷል!
አንዱ አንዱን ይይዛል፣
በዚያች ጣት በማታህል ብልቃጥ ውስጥ
ለሌለ ቁስል ቅርፊት ይሠራል።

ለዚህ ነው ከውስጥ በኩል፣ ዓይን እንዳያየው ሆኖ፣
መድኃኒት የተረጨው በኖ።
የካልሲየሙን እጅ እንደ አገር ሽማግሌ ይይዛል፤
አይመታም፣ አያፈርስም፣
"ቆይ፣ የተቆረጠ የለም፣ ሰው አትጥራ" ይላል።
ግን ሽማግሌም ካልዞረ
ከየደጁ አይደርስም።

ወደ ልጆች ክፍል ወጣሁ፣ ባዶ እጄን።
ዘይቱና አልጋው ጫፍ ላይ ናት፤ ከወንጂ በባጃጅ የመጣች፣
ባሏ ጋላፊ ላይ ከነመኪናው ወረፋ ይዞ
ሦስት ሌሊት ትኩሳቱን ብቻዋን በመዳፏ የለካች።
"እንደገና መቅዳት አለብን።"
"የወሰዳችሁትስ?"
"ረጋ።"
"ባለቤቱ በሕይወት እያለ ደም ይረጋል እንዴ?"

መልስ አጣሁ። እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ
"እናቴ፣ እርጊ" አልኩ፣
ቃሉ ገና ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።
አንድ ግስ፤ ለልጁ ክልክል፣ ለእሷ ትእዛዝ።

ሂርጳ ግራ ክንዱን ራሱ ዘረጋ፣ ቀኙ አኩርፏል።
አንዴ ወጋሁ። መጣ፣ ትኩስ፣ እስከ መስመሩ።
ኬኔሳ ሊቀበለኝ እጁን ሰደደ፣
ተንቀጠቀጠበት፣ መለሰው።
"ያዝ፣ አንተ ነህ የምታገላብጠው፤
ስምንት ጊዜ። እንዳትንጠው፣
ቅቤ አይደለም የምንፈልገው።"
ሂርጳ ሳቀ፣ በሦስት ቀን የመጀመሪያው።
ዘይቱና በከንፈሯ ስትቆጥር ሰማኋት፦
ቶኮ... ለማ... ሰዲ...
እያንዳንዷን ከአረፋዋ ጋር፣
ወጥታ እስክትወርድ ጠብቃ፣
ሰዴት ላይ ስትደርስ ዝም አለች፤ ኬኔሳም እጁ ቆመ።

ማሽኑ ጠብታውን ስቦ ሲያጉረመርም
መደርደሪያው ላይ ቀይ ክዳን ያለው ብልቃጥ አየሁ፣ የሌላ ሰው፣
መድኃኒት ያልነካው፣ እንዲረጋ የተተወ፤
ከጓሉ በላይ ጠጅ የመሰለ ጠለል ያለ ፈሳሽ አቅርሯል።
ለእሱም ተራው ይደርሳል።

ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ነፋሱ አልተኛም፣
ዘይቱና ኮሪደሩ ላይ ናት፣
ወደ መስኮቱ፣ ወደ በሩ፣ ወደ መስኮቱ።
ቁጥሩን የሚነግራት ሐኪም ገና ነው።
እርጊ አላልኳትም።
ከጎኗ ገብቼ
አብሬያት ተመላለስኩ።